ሱቁ በልጆቻችን ሆድ እንዳያዝ፦ ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በር ያለውን ምግብ እንዴት እናስተካክል?

ልጆች ቤት ውስጥ የሚበሉትን እናውቃለን። ከበር ከወጡ በኋላ የሚበሉትን ግን ከእኛ ይልቅ ባለሱቁ ያውቃል። ምሳ ሲቀርብለት ሳህኑን ገፋ የሚያደርግ ልጅ ሁልጊዜ አመለኛ ሆኖ አይደለም። ብዙ ጊዜ ሆዱን በብስኩትና በላስቲክ ጁስ ሞልቶ ነው የመጣው። እኛ ደግሞ የምንቆጣው ልጁን ነው። ብስኩቱን ያቀረበለትን መንገድ ማንም አይቆጣውም።

ይቺን የምጽፈው ጎንደር ላይ ልጅ ለሚያሳድግ ሁሉ ነው። ማራኪ ሁኑ፣ አዘዞ ሁኑ፣ ቀበሌ 18 ወይም አራዳ፣ ነገሩ ያው ነው። ምክሬም አንድ ነው፦ ልጁን ለማረም ከመሯሯጣችሁ በፊት በየቀኑ የሚያልፍበትን መንገድ አስተካክሉ። ለዚህ ከንቲባ መሆን አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሱቅ፣ አንዲት ጉሊት፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ ለልጁ የምትሰጡት ብርና የቤታችሁ ቁርስ። ከሞላ ጎደል ይኸው ነው።

መንገዱን ከልጁ ጋር ሂዱበት

ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ሂዱ። ጠዋት ብዙም አይጠቅማችሁም፤ ልጁ ይቸኩላል፣ እናንተም ሥራ ይረፍድባችኋል። ሲመለስ ግን ይርበዋል፣ ጓደኞቹ አብረውት አሉ፣ ጊዜም አለው። ልጁ ይምራችሁ። የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚያይ፣ ማንን በስም ጠርቶ ሰላም እንደሚል ልብ በሉ። ያን ቀን ምክር የለም፣ ቁጣም የለም። ቁጣ ከጀመራችሁ በሚቀጥለው ቀን ሌላ መንገድ ያሳያችኋል።

ከዚያ ሱቁ ጋ ስትደርሱ ጎንበስ በሉ። ቀልድ አይደለም። በልጁ ቁመት ሆናችሁ እዩት። ለእኛ የሚታየን ከላይ ያለው ዘይት፣ ሳሙና፣ ፓስታና ሩዝ ነው። ከታች ልጁ ዓይን ላይ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ። ቺፕሱ እንደ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ከረሜላው በሰፊ አፍ የፕላስቲክ ዕቃ ተሞልቶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሏል፣ እጅ በቀላሉ ይደርስበታል። ጁሱ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ነው። የለስላሳው ፍሪጅ መስታወቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል። ሙዙስ? ሙዙ ካለ ከውስጥ በኩል በሳጥን፣ ግማሹ ጠቁሮ።

ባለሱቁ ክፉ ስለሆነ አይደለም። ብስኩት አይበላሽበትም፣ ሙዝ ግን በሦስት ቀን ይጠቁርበታል። ማን ይከስራል?

እዚያው ቆማችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ልጄ በእጁ ባለው ብር እዚህ ምን መግዛት ይችላል? ለእኔ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጥሩ ምግብ ጠፍቶ አይደለም። ጎመኑም፣ ካሮቱም፣ እንቁላሉም፣ ብርቱካኑም አለ። ግን ሙዝና ብርቱካን የሚሸጡት በኪሎ ነው፤ እንቁላሉ ጥሬ ነው፣ ሽምብራው ጥሬ ነው፣ ካሮቱ አፈሩ አልታጠበም። በልጅ ሳንቲም ልክ ተቆርጦ፣ ተዘጋጅቶ፣ ወዲያው አፍ የሚገባው ብስኩት፣ ከረሜላና ፓስቲ ነው። ልጁ አንድ ኪሎ ሙዝ ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ የሚችለውን ይገዛል።

ይህን ካያችሁ በኋላ ሥራው ይቀላል። የምትፈልጉት ጥሩውን ነገር በፍሬ፣ በእፍኝ፣ ተዘጋጅቶ የሚሸጥላችሁን ሰው ነው።

ጉሊቷን ያዙ

በየሰፈሩ መንገድ ዳር ቆሎ፣ ንፍሮ፣ የተቀቀለ ድንች ወይም የተጠበሰ በቆሎ የምትሸጥ አንዲት ሴት አትጠፋም። ለልጃችሁ ጤና ከእሷ የበለጠ ሰው መንገዱ ላይ የለም፣ ማንም ግን እንደ ጤና ሠራተኛ አያያትም። ሽምብራና ባቄላ ፕሮቲንና ብረት አላቸው፣ ሆድ ይይዛሉ፣ ጥርስ ላይ እንደ ከረሜላ አይጣበቁም። ሄዳችሁ አነጋግሯት። "እትዬ፣ ለልጆች የምትሆን ትንሽ መስፈሪያ ይኑርዎት፣ እኛ እንገዛለን" በሏት። የተቀቀለ እንቁላል እንድትጨምር ጠይቋት። ሙዝ በፍሬ ብትሸጥ ምን ያህል እንደሚያዋጣት አብራችሁ አስቡ።

አንድ ወላጅ ብቻውን ከሄደ "እሺ" ትልና ትረሳዋለች። አራት አምስት ሆናችሁ "ከሰኞ እስከ ዓርብ ልጆቻችን ከእርስዎ ነው የሚገዙት" ካላችኋት ግን ንግድ ነው፤ እንቁላሉን ቀቅላ ትጠብቃችኋለች። ከተቻለ የሳምንቱን ቀድማችሁ ክፈሏት። ልጁ ብር ሳይሆን ስሙን ይዞ ይሄዳል፣ ድርሻውን ይወስዳል። ብር እጁ ላይ ከሌለ ቺፕሱ ጋ የሚያቆመው ነገር የለም።

ንጽሕና ላይ ግን ዓይናችሁን አትጨፍኑ። እጇን የምትታጠብበት ውሃ አላት? ምግቡ ከአቧራና ከዝንብ ተሸፍኗል? የጎደላት ክዳን ያለው ባልዲና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ከሆነ ገዝታችሁ ስጧት፣ ከአንድ ጊዜ የተቅማጥ ሕክምና ይረክሳል።

ስለ ፓስቲ አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ፓስቲን ከልጅ መከልከል ከንቱ ድካም ነው። ቀን ምረጡለት እንጂ አትከልክሉ። የምትመለከቱት ዘይቱን ነው። ማለዳ ላይ ያለው ዘይት ወርቃማ ነው፣ ከሥር ያለው ብረት ይታያል። ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ አረፋው ሳይጠፋ የሚቆይ፣ ገና ሳይግል የሚጨስና አፍንጫ የሚያቃጥል ከሆነ ብዙ ጊዜ የተደጋገመ ዘይት ነው። ከእሱ አትግዙ። መጥበሻው ሥር የቀረውን ጥቁር ፍርፋሪ ካያችሁ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም።

የዱቤ ደብተሩን አንብቡት

ልጃችሁ ምን እንደሚበላ ማወቅ ከፈለጋችሁ ከባለሱቁ የዱቤ ደብተር የተሻለ መዝገብ የለም። ወር ሲሞላ ድምሩን ብቻ አይታችሁ አትክፈሉ። ገጹን ገልጣችሁ በመስመር በመስመር አንብቡት። ዘይት፣ ሳሙና፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ብስኩት፣ ማስቲካ፣ ስኳር፣ ብስኩት። ለልጅ የወጣውን ለብቻ ደምሩት። ብዙ ቤት ውስጥ ድምሩ ከአንድ ወር የእንቁላል ወጪ ጋር ይፎካከራል፣ እና "እንቁላል ተወደደ" እያልን ነው ይህ ሁሉ የሚሆነው። መወደዱ እውነት ነው። ብስኩቱ ግን በትንሽ በትንሹ ስለሚወጣ ነው የረከሰ የመሰለን።

ከዚያ ባለሱቁን አነጋግሩ። ፊት ለፊት፣ በትሕትና፣ ሱቁ ውስጥ ሰው ሳይበዛ። "ጋሼ፣ ልጁ ሲመጣ በእኔ ስም ለስላሳና ከረሜላ አይስጡብኝ። ዳቦ ቢል፣ እንቁላል ቢል፣ ወተት ቢል ይስጡት" ማለት ይበቃል። ጎረቤት ነው፣ ይሰማችኋል። እንዲያውም ለብዙ ባለሱቆች እፎይታ ነው፣ ምክንያቱም ልጅ በዱቤ ወስዶ ወላጅ "እኔ አላልኩም" ሲል የሚጣላው እሱ ነው። ሌላም ጠይቁት፦ ከረሜላውን ወደ ላይ፣ ሙዙን ወደ ታች ያውርደው። ወጪ የለውም። አንዳንዱ ይስቅባችኋል፣ አንዳንዱ ያደርገዋል።

በልጁ ገላ ላይ ምን ይሆናል?

ወላጅ "ልጅ ነው፣ ያድጋል ይተወዋል" ይላል። ስለዚህ ይህን ትንሽ ዘርዘር ላድርገው።

ስኳሩን በማንኪያ ቁጠሩት። ባለ 300 ሚሊ ሊትር አንድ ጠርሙስ ኮላ ውስጥ ወደ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ይይዛልና ወደ 8 ማንኪያ ማለት ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ሻይ ውስጥ 8 ማንኪያ ስኳር ሲጨምር ብናየው እጁን እንይዘው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር፣ ከተጨመረ ስኳር የሚገኘው ጉልበት ከቀኑ ምግብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። በዚያ ዕድሜ ላለ ልጅ 5 በመቶው ከ5 የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ነው። አንዲቷ ጠርሙስ ብቻዋን ትበልጠዋለች።

በላስቲክ የሚሸጠውና "ጁስ" የተባለው ደግሞ ስሙ እንዳያታልላችሁ። ጀርባውን አዙሩ። በምግብ ማሸጊያ ላይ የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ትንሹ ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር፣ ከዚያ ቀለምና ማጣፈጫ ከሆነ፣ ፍራፍሬ የለበትም ወይም ለስሙ ያህል ነው ያለው። ከረሜላና ብስኩት ላይም ስኳር ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ውስጥ ካለ ምንነቱ ታውቋል። በዚያው ላይ የማብቂያ ቀኑን እዩ፤ አብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚጻፈው፣ በእኛ ቀን አስልታችሁ እንዳትሳሳቱ። ጁስ ቤት ገብታችሁ ስፕሪስ ስታዙ ደግሞ "ያለ ስኳር" በሉ፤ ማንጎውና ፓፓያው ራሱ ጣፋጭ ነው።

ጥርስ ቀድሞ ይመታል። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይቀይሩታል፣ አሲዱ ጥርስ ይበላል። እዚህ ላይ ዋናው የስኳሩ መጠን ብቻ አይደለም፣ በቀን ስንት ጊዜ አፍ ውስጥ እንደሚገባም ነው። ቀኑን ሙሉ ከረሜላ የሚመጥ ልጅ ጥርሱ አያርፍም። "የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል" የሚለውን ተዉት፤ እስኪወድቅ ድረስ ያመዋል፣ ማኘክ ያስጠላዋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ለስላሳ ለስላሳውን ብስኩት ይመርጣል።

ቀጥሎ ቦታ መያዝ አለ። የልጅ ሆድ ትንሽ ነው። ብስኩት የያዘው ቦታ ላይ ምስር አይገባም። እኛ አገር ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተሠራው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አምስት ዓመት ካልሞላቸው ሕፃናት በአገር ደረጃ 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው አጭር ነው። ጤፍና ሽምብራ ለሌላው በሚተርፍ አገር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀውም ለዚህ ነው፤ ግቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. እንዲያበቃ ነው። አንድ ቤት ውስጥ የቀነጨረ ሕፃንና ውፍረት የጀመረው ታላቅ ወንድም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሁለቱም ከአንድ ሱቅ እየበሉ።

የደም ማነስ ላይ ደግሞ የእኛ ሻይ እጁ አለበት። ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከጥራጥሬና ከአትክልት የሚገኘው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ሎሚ፣ ብርቱካን፣ ቲማቲም ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ። ስለዚህ ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉ፣ ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቁት። ብር አያስወጣም።

ቁርስ ያልበላ ልጅ የሱቁ ደንበኛ ነው

የፈረቃ ተማሪ ያላቸው ይህን በደንብ ያውቁታል። የጠዋት ፈረቃ የሆነው ተኝቶ ያረፍድና ሻይ በዳቦ አፉ ላይ አድርጎ ይሮጣል፤ ዕረፍት ሲደወል ሆዱ ይጮኻል። የከሰዓቱ ደግሞ ቁርስና ምሳውን አንድ አድርጎ ይወጣና አሥር ሰዓት ላይ ይደክመዋል። በሁለቱም ሰዓት በሩ ላይ የሚጠብቀው ያው ቺፕስ ነው።

ቁርስ ፎቅ መሥራት አይደለም። የትናንት እንጀራ ፍርፍር፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ገንፎ፣ ጨጨብሳ፣ በሶ። በሶን ደጋግሜ ባነሳው አይሰለቸኝም። ከዳባትና ከወገራ የሚመጣው ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ ቤት ካለ፣ ማለዳ ጭብጦ ለመጨበጥ ሻይ እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል፣ እስከ ዕረፍት ይይዛል። ዳጉሳ ገንፎም እንዲሁ፤ ዳጉሳ ከሌሎቹ እህሎች ሁሉ በካልሲየም የበለጸገ ነው፣ ለአጥንትና ለጥርስ። "የድሃ እህል" ብሎ የናቀው ሰው ራሱ ይጠየቅ።

የምሳ ዕቃ ስትቋጥሩ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ልጆች ጓደኛ ፊት የሚያሳፍር ምግብ አይከፍቱም። የፈሰሰ ወጥ፣ የረጠበ እንጀራ ሳይከፈት ይመለሳል። እንጀራ በሽሮ ጠቅልላችሁ ቁረጡለት፣ ወይም ዳቦ በእንቁላል፣ ከጎኑ ብርቱካን ተልጦ። የውሃ ኮዳውን አትርሱ፤ ውሃ የጠማው ልጅ ለስላሳ ነው የሚያየው። ኢንዶሚ የግድ ካለ የቅመሙን ፓኬት ግማሹን ብቻ ጨምሩ፣ ጨው የሞላው እዚያ ነው፣ ካሮትና እንቁላል አክሉበት።

ቅዳሜ ገበያ

ሳምንቱ የሚያምረው ቅዳሜ ነው። ልጁን ይዛችሁት ሂዱ፣ ቅርጫቱን እሱ ይያዝ፣ ከአትክልቱ አንዱን እሱ ይምረጥ። የመረጠውን ይበላል፣ ቢያንስ ይቀምሳል። ጎንደር በዚህ አልተጎዳችም። ከደምቢያ ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት ይመጣል፣ ከጎርጎራ በኩል የጣና ዓሳ፣ ቆረሶውም አምባዛውም። ዱባ፣ ካሮትና ቆስጣ ለዓይን የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ የሚሰጡ ናቸው፤ ዱባ ደግሞ ሳይቆረጥ ብዙ ይቀመጣል፣ ፍሪጅ ለሌለው ቤት ጥሩ ነው። ነሐሴና መስከረም የበቆሎ እሸት ነው፣ ታኅሣሥና ጥር የሽምብራ እሸት። ልጅ እሸቱን ከነዘለላው ይዞ እየፈለፈለ ሲሄድ ቺፕስ አይናፍቀውም፣ እጁ ሥራ ይዟል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉት በቀን ቢያንስ 250 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት 350 ግራም፣ ከ10 ዓመት በላይ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ሚዛን አታውጡ። በየምግቡ አንድ አትክልት፣ በመሃል አንድ ፍራፍሬ ከሆነ እዚያው አካባቢ ትደርሳላችሁ።

እሑድ ፒያሳ ወርዶ ኬክ መብላትስ? ብሉ። በሳምንት አንድ ቀን የሚበላ ኬክ ልጅ አያበላሽም። የሚያበላሸው የየቀኑ ነው።

ጾም ሲገባ

ይህ ለጎንደር ትልቅ ነገር ነው። ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሉካንዳው ይዘጋል፣ የሰፈሩ ምግብ ሁሉ ይቀየራል። ትንንሽ ልጆች አይጾሙም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ሰባት ዓመት ያልሞላውን ማንም ጹም አይለውም። ግን በተግባር አብረው ይጾማሉ፣ ምክንያቱም እናት ድስቱን በእንቁላል "ማስገደፍ" አትፈልግም። መፍትሔው አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለልጁ ለብቻ ማድረግ ነው። መያዣዋን በቀለም ክር እሰሩበት፣ ከሌላው እንዳይቀላቀል። እንቁላሉ በእሷ ይቀቀላል፣ ወተቱም በእሷ ይፈላል፣ የናንተም ጾም ሰላም ይሆናል። ካልተረጋጋችሁ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ከፍ ብለው መጾም ለጀመሩት ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ተልባውን፣ ሱፉን፣ ሰሊጡን አብዙላቸው፤ የጾም ምግብ ማለት ዳቦ በሻይ ማለት አይደለም። የዓሳው ነገር በየቤቱ ይለያያልና አልገባበትም። ሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድም ለአቅመ አዳምና ሔዋን ያልደረሱ ልጆች ረመዳንን የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ልሞክር ብሎ የሚነሳውን ልጅ ግን ሱሁር ላይ በደንብ አብሉት፣ ውሃም አጠጡት።

ሕፃን ያላችሁ

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመራል። ከጤና ጣቢያ ሲነገራችሁ የምትሰሙት መለኪያ ከስምንት ዓይነት ቢያንስ አምስቱን በቀን ማድረስ ነው፦ የእናት ጡት፣ እህልና ሥራ ሥር፣ ጥራጥሬ፣ ወተት፣ ሥጋ ወይም ዓሳ፣ እንቁላል፣ እንደ ዱባና ካሮት ያለው፣ ሌላ አትክልትና ፍራፍሬ። ብስኩት በሻይ ነክሮ ማጉረስ በብዙ ቤት የተለመደ ነው፣ ከእነዚህ ውስጥ ግን አንዱን እህል ብቻ ነው የሚያሟላው፣ ያውም ሻዩ ብረት እየከለከለው። በብስኩትና በሻዩ ፈንታ ድንችና ምስር ቀቅላችሁ አድቅቁለት፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩ።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ባለ ቀለም ሜትሯን ይዛ ስትመጣ ልጁን አትደብቁት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ከ11.5 እስከ 12.5 ያለውም ክትትል ይፈልጋል።

የትምህርት ቤቱ በር

የወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) ስብሰባ ስትጠሩ ሄዳችሁ ስለ መዋጮ ብቻ ተነጋግራችሁ አትመለሱ። አንድ አጀንዳ አስይዙ፦ በሩ ላይና ግቢው ውስጥ ምን ይሸጣል? ግቢ ውስጥ ያለው ክበብ ለስላሳና ከረሜላ እንዲያቆም፣ ውሃ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎና እንቁላል እንዲያስገባ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ክበቡን የያዘው ሰው "አያዋጣኝም" ካለ ዋጋውን አብራችሁ አስሉ። በሩ ላይ ስላሉት ሻጮች ደግሞ እባካችሁ "ይባረሩ" አትበሉ። ሲባረሩ የሚሄዱት ቆሎና ንፍሮ የያዙት ናቸው፣ ግድግዳ ያለው ሱቅ የትም አይሄድም። ይልቅ ጥሩ ለሚሸጡት ጥላ ያለበት ቦታና የሚታጠቡበት ውሃ ይመደብላቸው።

ሌሎች አገሮች የደረሱበትን ማወቅ ለስብሰባው ጥሩ መከራከሪያ ነው። ቺሊ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳር፣ ጨው ወይም ስብ በበዛባቸው ምግቦች ላይ ጥቁር ምልክት አስደርጋለች፣ ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳይሸጡም ከልክላለች። ሜክሲኮ በ2014 እ.ኤ.አ. በለስላሳ ላይ ቀረጥ ጣለች። እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች ከትምህርት ቤት 400 ሜትር ርቀት ውስጥ አዲስ የፈጣን ምግብ ቤት እንዳይከፈት ያደርጋሉ። እኛም አገር በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ለስላሳ መጠጦች ቀረጥ ከሚከፈልባቸው ውስጥ ናቸው። ሌላ ጠቃሚ ነገር ደግሞ አሜሪካ ፊላደልፊያ ውስጥ ታይቷል፦ ሰፈሩ ውስጥ ትልቅ ሱፐርማርኬት ስለተከፈተ ብቻ ሰው አትክልት መብላት አልጨመረም። ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፣ ዋጋውም፣ ልማዱም፣ አጠገቡ ያለው ፈተናም አብሮ መነካት አለበት። ለዚህ ነው ከሱቁም፣ ከጉሊቷም፣ ከኪሱም፣ ከቁርሱም አንድ ላይ ጀምሩ የምለው።

ከአንድ ወር በኋላ ያንኑ መንገድ ድጋሚ ሂዱበት። ምን እንደተቀየረ፣ ምን እንዳልተቀየረ ታያላችሁ። ያልተቀየረው ላይ ከሌሎች ወላጆች ጋር ተመለሱበት።

የቀረን የአያቶች ጉዳይ ነው። አያት ባዶ እጇን አትመጣም፣ ከረሜላ አትስጪ ማለትም መቀያየም ነው። ቀድማችሁ ደውሉና "እማዬ፣ ልጁ ብርቱካን ብርቱካን ይላል፣ ስትመጪ ይዘሽለት ነይ" በሏት፤ አማት ከሆኑ "ይዘውለት ይምጡ" በሉ። ቆሎና ለውዝ ይዤ ልምጣ ካሉ ደግሞ አምስት ዓመት ላልሞላው ሙሉ ፍሬው እንዳይሰጥ ንገሯቸው፣ ያንቃል፤ ተፈጭቶ ወይም ተወቅጦ ይሁን። ከብርቱካኑ ጋር ደብቀው አንድ ከረሜላ ካቀበሉት፣ እንዳላያችሁ እለፉት።